የአገውን ስም በግሪክኛ ያቆየው ነጋዴ፤ የኮስማስ ሕይወትና ለዛሬ ተመራቂዎች ያለው ትርጉም

የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ሰቆጣና በዙሪያዋ ያሉት ደጋዎች የኽምራ አገው ሕዝብ መኖሪያ ናቸው። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘውና ከዓለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የአካባቢውን የቆየ ሥልጣኔ ከሚመሰክሩ ቅርሶች አንዱ ነው። የአገው ስም ግን በድንጋይ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። ስለ አገው ከሚናገሩት እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት የጽሑፍ ማስረጃዎች ዋነኞቹ በግሪክኛ የተጻፉ ሲሆኑ፣ እነዚህን ለትውልድ ያቆየው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የእስክንድርያ ነጋዴ ኮስማስ ነው።

የዚህ ሰው ሕይወት የታሪክ ወዳጆችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በግሪክ ታሪክና በአርኪኦሎጂ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በውጭ አገር ለመከታተል የሚያስችሉ የነፃ ትምህርት ዕድሎች ለኢትዮጵያውያን፣ በተለይም እንደ ሰቆጣ ካሉ አካባቢዎች ለሚወጡ ተመራቂዎች፣ ምን ጥቅም እንዳላቸው በግልጽ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮስማስ በምን ዓመት እንደተወለደ የሚገልጽ መረጃ በመጽሐፉ አይገኝም። ኮስማስ የሚለው ስምም በኋላ ዘመን በተገለበጡ ቅጂዎች ላይ የሰፈረ ሲሆን፣ ደራሲው ራሱን በስም ሳይሆን ክርስቲያን በሚል መጠሪያ ብቻ ማስተዋወቁ ይታወቃል። የሕንድ ባሕር ተጓዥ የሚል ትርጉም ያለው ኢንዲኮፕሌውስጤስ የተሰኘው ቅጽል ስምም እንዲሁ ከጊዜ በኋላ የተሰጠው ነው። ሕንድ ድረስ ስለመዝለቁ ተመራማሪዎች የተለያየ አስተያየት ቢኖራቸውም፣ በሜዲትራኒያን፣ በቀይ ባሕርና በፋርስ ባሕረ ሰላጤ መጓዙን ራሱ ጽፏል።

ኮስማስ በዘመኑ ለሀብታም ልጆች ይሰጥ የነበረውን የንግግርና የፍልስፍና ትምህርት አላገኘም። ይህንንም በመጽሐፉ በግልጽ ይናገራል። የዓይንና የሆድ ሕመም ያሠቃየው እንደነበርም ጽፏል። በአንጻሩ በእስክንድርያ ያገኘው አንድ ታላቅ መምህር ነበረው። ይህ መምህር ከፋርስ ምድር የመጣውና በኋላ ከ540 እስከ 552 የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የሆነው ማር አባ ነው። ኮስማስ ስለ ዓለም አፈጣጠርና ቅርጽ የያዘውን አስተሳሰብ ከእርሱ እንደተማረ ገልጿል። ጉዞውንም ሆነ ምርምሩን የሚደግፍለት ተቋም አልነበረም፤ ወጪውን የሸፈነው ከንግዱ ባገኘው ገንዘብ ነበር።

በሮማው ንጉሠ ነገሥት በዩስጢኖስ የመጀመሪያዎቹ የንግሥና ዓመታት፣ ማለትም ከ518 ጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ኮስማስ በዛሬዋ ኤርትራ ጠረፍ ወደምትገኘው የአክሱም መንግሥት ወደብ አዱሊስ ደረሰ። ወቅቱ አፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው በሂምያር ላይ ለመዝመት የሚዘጋጁበት ነበር። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ መግቢያ ላይ፣ ከነጭ እብነ በረድ የተሠራ አንድ ዙፋን ቆሞ ነበር። ከዙፋኑ ጀርባ ደግሞ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራና የታችኛው ክፍሉ የተሰበረ ሐውልት ይገኝ ነበር። በሁለቱም ላይ የግሪክኛ ጽሑፍ ተቀርጾባቸዋል።

አፄ ካሌብ በድንጋዮቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ እንዲላክላቸው ለአዱሊስ ገዢ ለአስባስ ትእዛዝ ሰጡ። አስባስም ሥራውን ለኮስማስና ሜናስ ለተባለ ሌላ ነጋዴ አዘዘ። ሜናስ በኋላ በሲና አጠገብ በምትገኘው ራይቱ መንኩሶ እዚያው ያረፈ ሰው ነው። ሁለቱ ነጋዴዎች ጽሑፉን ገልብጠው ለገዢው አስረከቡ፤ አንድ ቅጂም ለራሳቸው አስቀሩ። ለቤተ መንግሥት የተላከው ቅጂ ዛሬ የለም። ዙፋኑንም ሆነ ሐውልቱን በአዱሊስ ቁፋሮ ያካሄዱ የአርኪኦሎጂ ባለሙያዎች አላገኟቸውም። ዛሬ በእጃችን ያለው ነጋዴዎቹ ለራሳቸው ያስቀሩት ቅጂ ብቻ ነው።

በሐውልቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅን የገዛው የሦስተኛው ጰጥሎሚዎስ ሲሆን፣ ስለ ንጉሡ ድልና ለጦርነት ስለሚውሉ ዝሆኖች አደን ይተርካል። በዙፋኑ ላይ የነበረው ደግሞ ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ የአክሱም ንጉሥ በነገሠ በ27ኛው ዓመት ያስቀረጸው ነው። ንጉሡ ያስገበራቸውን ሕዝቦች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከእነዚህም መካከል አጋሜ፣ ቤጃ እና ሰሜን ይገኙበታል። አታጋውስ ተብሎ የተጠቀሰውን ስም ተመራማሪዎች አገው እንደሆነ ይስማሙበታል። ሰሜን ከወንዝ ማዶ ያለ፣ በረዶ የሚወርድበትና ለመውጣት አስቸጋሪ የሆነ ተራራማ አገር መሆኑን ጽሑፉ ያስረዳል። ጽሑፉ ዓባይ የሚለው ይህ ወንዝ ዛሬ ዋግን በምዕራብ የሚያዋስነው ተከዜ እንደሆነ ይታመናል።

ኮስማስ ስለ አገው የጻፈው የሌሎችን ጽሑፍ በመገልበጥ ብቻ አልተወሰነም። በጉዞው የሰማውንም መዝግቧል። በዘገባው መሠረት የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ሹም በኩል የራሱን ሰዎች ሳሱ ወደተባለው የወርቅ አገር ይልክ ነበር። አብረዋቸው የሚጓዙ ነጋዴዎች ሲጨመሩ የተጓዡ ቁጥር ከ500 ይበልጣል። ተጓዦቹ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ከስፍራው ሲደርሱም እሾህ አጥረው ይሰፍራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረቱ ጋር በአጥሩ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች መጥተው ደስ ባላቸው ዕቃ ላይ የአተር ፍሬ የሚያህል ወርቅ አስቀምጠው ራቅ ይላሉ። ባለዕቃው በወርቁ መጠን ከረካ ወርቁን ይወስዳል፤ ካልረካ ይተወዋል። ቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች ያለ አስተርጓሚ የሚገበያዩት በዚህ ዓይነት ነበር።

የጉዞው መሄጃና መመለሻ ስድስት ወር እንደሚፈጅ ኮስማስ ይገልጻል። በመልስ ጉዞ ተጓዦቹ መሣሪያ ታጥቀው ይፈጥናሉ፤ ምክንያቱም ሽፍቶች ወርቁን ሊቀሟቸው ከመቻላቸውም በላይ ዝናቡ ጥሎ ወንዞች ከሞሉ መሻገሪያ አይኖርም። በዚያ አገር ክረምቱ የሚገባው በግብፅ በጋ በሚሆንበት ወቅት መሆኑንና ለሦስት ወር የሚዘንበው ዝናብ ዓባይን እንደሚሞላው አስተውሏል። ይህ የክረምት ገለጻ ለማንኛውም የዋግና የላስታ ገበሬ እንግዳ አይሆንም።

ጨው በዚያ ዘመን የንግዱ አንዱ መሠረት መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። ሰቆጣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሞሌ ጨው ገበያዋ የታወቀች ከተማ ነበረች። ይሁንና የኮስማስ መጽሐፍ የአገው ሹም መቀመጫ የት እንደነበረ አይገልጽም። የአገው ሹም የሚለው ሹመትና ከብዙ ዘመን በኋላ የታወቀው የዋግ ሹም ማዕረግ የስም መመሳሰል ስላላቸው ብቻ አንድ ናቸው ብሎ መደምደምም አይቻልም። ይህ ጥያቄ ወደፊት በቁፋሮና በጽሑፍ ጥናት ሊመረመር የሚገባው ነው።

ኮስማስ ከጉዞው 25 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ547 ገደማ፣ ክርስቲያናዊ የምድር አቀማመጥ የሚል ትርጉም ያለውን መጽሐፉን በእስክንድርያ ጻፈ። የመጽሐፉ ዋና ዓላማ ምድር ክብ ሳትሆን ጠፍጣፋ መሆኗንና ዓለም የሙሴን ድንኳን እንደምትመስል ማስረዳት ነበር። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ፎቲዮስ ሳይቀር ተችቶታል። ኮስማስ ስለ ምድር አቀማመጥና ስለ ከዋክብት እንቅስቃሴ የጻፋቸው ሌሎች መጻሕፍት ጠፍተዋል። በዓይኑ ያየውን የመዘገበበት ክፍል ግን ዋጋው ከፍተኛ ነው። አራት ማማዎች ስለነበሩት የኢትዮጵያ ንጉሥ ቤተ መንግሥት፣ በዚያም ስላያቸው የነሐስ ምስሎችና ለማዳ ቀጭኔዎች የምናውቀው ከእርሱ ነው። መጽሐፉ በቫቲካን፣ በሲናና በፍሎረንስ በተቀመጡ ሦስት ዋና ዋና የብራና ቅጂዎች ለዘመናችን በቅቷል።

ኮስማስ ጽሑፎቹን በጥንቃቄ ቢገለብጥም በአንድ ነገር ተሳስቷል። በሐውልቱና በዙፋኑ ላይ ያሉትን ሁለት ጽሑፎች እንደ አንድ ቆጥሮ ሁለቱንም ለጰጥሎሚዎስ ሰጠ። በዚህም ምክንያት አገውንና ሰሜንን ያስገበረው የአክሱም ንጉሥ ታሪክ ከ1200 ዓመታት በላይ በግብፅ ንጉሥ ስም ሲነበብ ኖረ። ስሕተቱን ያረመው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት ነው። ሶልት በ1805 አክሱም ሄዶ የንጉሥ ኢዛናን የግሪክኛ ጽሑፍ ከድንጋዩ ላይ አንብቦ ነበር። በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአዱሊስ ዙፋን ጽሑፍ የአክሱም ነገሥታትን አጻጻፍ እንደሚከተል አመለከተ። የሐውልቱ ጽሑፍ ስለ ንጉሡ በሦስተኛ መደብ ሲናገር፣ የዙፋኑ ግን ንጉሡ ራሱ እንደሚናገር ሆኖ በአንደኛ መደብ የተጻፈ ነው።

ስሕተቱ ሊታረም የቻለው ግሪክኛ የሚያነብና የአክሱምን ድንጋይ በዓይኑ ያየ ሰው በመገኘቱ ነው። ሁለቱም ዕውቀቶች በአንድ ሰው ላይ እንዲገናኙ ደግሞ ወጪ የሚሸፍን ያስፈልጋል። ከሶልት በኋላ በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን አክሱምን ያጠናው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፈቃድና በጀርመኑ ንጉሥ በዳግማዊ ዊልሄልም ድጋፍ ነበር። ውጤቱም በ1913 በርሊን ላይ በአራት ጥራዝ ታትሟል። በዚህ መስክ የተሠሩት አብዛኞቹ ሥራዎች የውጭ ተመራማሪዎች መሆናቸው የሚያመለክተው የኢትዮጵያውያን ችሎታ ማነስን ሳይሆን ትምህርቱን የማግኘት ዕድል መጥበቡን ነው።

ለዚህም ዶክተር ሥርግው ሐብለ ሥላሴ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። እኚህ ምሁር በጀርመን ቦን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን ያካሄዱት ኢትዮጵያ ከጥንቱ የግሪክና የሮማ ዓለም ጋር በነበራት ግንኙነት ላይ ነው። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ በ1972 የታተመው እስከ 1270 ያለውን የኢትዮጵያ ታሪክ የሚያስረዳው መጽሐፋቸው ዛሬም በዘርፉ ተማሪዎች እጅ ይገኛል። አንድ ሰው ተምሮ መመለሱ ለብዙ ትውልድ የሚተርፍ መሆኑን የእርሳቸው ሥራ ያረጋግጣል።

ዛሬ ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ድጋፍ የሚያደርጉ ተቋማት አሉ። የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣል። በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፈው የኢራስመስ ሙንዱስ የጋራ ማስተርስ መርሐ ግብር ዕድሉን ላገኙ ተማሪዎች የትምህርትና የኑሮ ወጪ ይሸፍናል። መቀመጫውን በጀርመን ዱሰልዶርፍ ያደረገውና በ1976 የተቋቋመው የጌርዳ ሄንክል ፋውንዴሽን ደግሞ በታሪክና በአርኪኦሎጂ የዶክትሬት ጥናት ለሚያካሂዱ ድጋፍ ይሰጣል። የማመልከቻ ጊዜውና መስፈርቱ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ አመልካቾች መረጃውን ከየተቋሙ በቀጥታ ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

በዚህ መስክ የሚያመለክት ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ ውጤትና ከእንግሊዝኛ ችሎታ በተጨማሪ የጥንት ግሪክኛ መሠረት ሊኖረው ይገባል። በአገራችን የነገረ መለኮት ትምህርት የሚሰጥባቸው ተቋማት ግሪክኛን ስለሚያስተምሩ ዝግጅቱን እዚሁ መጀመር ይቻላል። ግዕዝ የሚያውቅ ወጣት በአክሱም ድንጋዮች ላይ ግዕዝና ግሪክኛ ጎን ለጎን የተጻፉባቸውን ጽሑፎች ለማጥናት የሚያስችል ትልቅ ዕድል አለው። ኽምጣንጋ አፍ መፍቻው የሆነ ወጣት ደግሞ በግሪክኛ ጽሑፍ ውስጥ ያሉ የቦታና የሕዝብ ስሞችን ለመመርመር ከውጭ የሚመጣ ምሁር በቀላሉ የማያገኘውን ዕውቀት ይዞ ይቀርባል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በኩልም የሚጠበቅ ድርሻ አለ። የነፃ ትምህርት ማስታወቂያ ከዞንና ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ለባለሙያዎች በወቅቱ መድረስ አለበት። የትምህርት ፈቃድና የድጋፍ ደብዳቤ በጊዜው ካልተሰጠ ዕድሉ ያልፋል። ከሁሉም በላይ ተምሮ ለሚመለሰው ባለሙያ በባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሙያውን የሚሠራበት ቦታ አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል። የአገልግሎት ግዴታ ውል ብቻውን ባለሙያን አያቆይም፤ የሚያቆየው በሙያው የሚሠራው ሥራ ነው።

የአገው ስም በግሪክኛ ለትውልድ የተላለፈው አንድ ንጉሥ ጽሑፉ እንዲገለበጥ በማዘዛቸው፣ አንድ ገዢ ትእዛዙን በመፈጸሙና ሁለት ነጋዴዎች ቋንቋውን በማወቃቸው ነው። ድንጋዮቹ ቢጠፉም ቅጂው ቀርቷል። ቅጂውን አንብቦ ከዋግ ደጋዎች ታሪክ ጋር የማገናኘቱ ሥራ ግን ገና አልተጠናቀቀም። ይህን ሥራ ከሰቆጣ የሚነሣ ተመራማሪ እንዲሠራው ማብቃት የትምህርት ዕድሉን የሚያመቻቹ ኃላፊዎች ሁሉ ተግባር ይሆናል።