አባ መርሴንና የተወጠረው ክር

የሒሳብ ትምህርት የቀመሰ ሁሉ የመርሴንን ስም የሚያውቀው ከቍጥር ጋራ ነው። ሁለትን በራሱ ደጋግሞ አባዝቶ ከውጤቱ ላይ አንድ በመቀነስ የሚገኙት ብቸኛ ቍጥሮች በስማቸው ይጠራሉ። እውነቱን ለመናገር ግን በ1644 ያሳተሙት ዝርዝር እንከን ነበረበት። ሁለት 67 ጊዜና 257 ጊዜ ሲባዛ ብቸኛ ቍጥር ይገኛል ብለው ነበር፤ አይገኝም። በ61፣ በ89ና በ107 የሚገኙትን ደግሞ ዘለሏቸው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ስማቸው ብዙ ከማይጠራበት ቦታ፣ ማለት ከወረቀት ፋብሪካ ውስጥ፣ እስከ ዛሬ የሚያገለግለውን ሌላውን ሥራቸውን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ማሪን መርሴን በ1588 ሴፕቴምበር 8 ቀን በፈረንሳይ አገር፣ በሜን አውራጃ፣ ዋዜ በምትባል መንደር ከትሑት ቤተሰብ ተወለዱ። በላ ፍሌሽ የኢየሱሳውያን ኮሌጅ ተማሩ፤ ኋላ ወዳጃቸው የሆነው ደካርትም የተማረው በዚያው ቤት ነው። ከዚያ ፓሪስ ገብተው በሶርቦን ነገረ መለኮት አጠኑና በ1611 ከሚኒም መነኮሳት ማኅበር ገቡ። በዚህ ማኅበር ሥጋ፣ ዕንቍላልና ወተት ዓመቱን በሙሉ አይቀመስም ነበር። ለአገራችን አንባቢ የጾሙ ነገር ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለንም፤ ልዩነቱ ፋሲካ ሲደርስም አለመፈታቱ ነው። ጥቂት ዓመታት በኔቬር ካስተማሩ በኋላ ወደ ፓሪስ ተመልሰው በፕላስ ሮያል አጠገብ በነበረው ገዳም እስከ ዕለተ ሞታቸው ኖሩ።

በዚያን ዘመን የሳይንስ መጽሔት የሚባል ነገር አልነበረም። አንዱ ሊቅ የደረሰበትን ሌላው የሚሰማው በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውም ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው በአባ መርሴን እጅ ነበር። ደካርት ከሆላንድ፣ ፌርማ ከቱሉዝ፣ ቶሪቼሊ ከኢጣሊያ ይጽፉላቸዋል፤ እሳቸውም የአንዱን ጥያቄ ለሌላው እየላኩ መልስ ይጠይቃሉ። ደካርት በ1641 ያወጣው የፍልስፍና መጽሐፍ ከነተቃውሞዎቹ ሊታተም የቻለው አባ መርሴን ተቃውሞውን ከየሊቃውንቱ ስለ ሰበሰቡለት ነው። ጋሊሌዮ በ1633 በሮም ከተፈረደበት በኋላ እንኳ፣ በዓመቱ የመካኒክ ሥራውን በፈረንሳይኛ አወጡለት። መነኵሴ ሆኖ ይህን ማድረግ ቀላል ድፍረት ነው አንልም።

አሁን ወደ ክሩ እንምጣ። ክራር ሲቃኝ ያየ ሰው ጅማቱ በተወጠረ ቍጥር ድምፁ እንደሚቀጥን ያውቃል። አባ መርሴን የጠየቁት ምን ያህል ሲወጠር ምን ያህል ይቀጥናል ብለው ነው። ይህን ለመመለስ ንዝረቱን መቍጠር ያስፈልጋል፤ ለጆሮ የሚሰማ ክር ግን በሴኮንድ ውስጥ ብዙ አሥር ወይም ብዙ መቶ ጊዜ ስለሚመላለስ ዓይን አይደርስበትም። በዚያ ላይ የፔንዱለም ሰዓት ገና አልተሠራም፤ የሁይገንስ ሰዓት የመጣው በ1656 ነው። ስለዚህ ከ90 ጫማ የሚበልጥ ረዥም ገመድ ወጠሩ፤ ገመዱ በዝግታ ወዲያና ወዲህ ሲል በዓይናቸው ቈጠሩት። ከዚያም እያሳጠሩ፣ ክብደት እያንጠለጠሉ፣ ወፍራሙን በቀጭን እየለወጡ ሕጉን አገኙ። ክሩ በግማሽ ቢያጥር ንዝረቱ እጥፍ ይሆናል። በውጥረት በኩል ንዝረቱን እጥፍ ለማድረግ ግን የሚወጥረውን ክብደት አራት እጥፍ ማድረግ ግድ ነው። ክሩ ራሱ አራት እጥፍ ቢከብድ ደግሞ ንዝረቱ በግማሽ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በ1636 በወጣው ሐርሞኒ ዩኒቨርሴል በተባለው ትልቅ መጽሐፋቸው ውስጥ ይገኛል።

ክብሩ ሁሉ የእሳቸው ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም። የጋሊሌዮ አባት ቪንቼንዞ ጋሊሌይ የክብደቱን ነገር ቀደም ብሎ ፈትኖት ነበር፤ ጋሊሌዮም በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ተመሳሳይ ሕግ ጽፏል። የሚሰማን ድምፅ በሴኮንድ ይህን ያህል ጊዜ ይነዝራል ብሎ በቍጥር ለመናገር የበቃው ግን እኚህ መነኵሴ ናቸው፤ በእኛ ግምት የሚበልጠው ይህ ነው።

የጋዜጣ ወረቀት የሚሠራበት ማሽን ወረቀቱን በሉክ በሉክ ሳይሆን እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ ያወጣዋል፤ በዘመናዊው ማሽን ፍጥነቱ በደቂቃ ከ1500 ሜትር ያልፋል። ውጥረቱ ቢላላ ወረቀቱ ይጨማደዳል፤ ቢበዛ ይበጠሳል፤ በተበጠሰ ቍጥርም ምርቱ ይቋረጣል። የተለመደው መለኪያ ወረቀቱ የሚያልፍበት ሲሊንደር የሚሸከመውን ግፊት ይመዝናል። ነገር ግን የጠቅላላውን ልክ ይሰጣል እንጂ ዳሩ መላላቱን መካከሉ መጥበቁን አይናገርም፤ እርጥብና ስስ ወረቀትንም መንካት ራሱ አደጋ አለው። (ይህ መጽሔት የሚባዛበት ማሽን ወረቀቱን አንድ በአንድ ስለሚጐርስ ከዚህ ጭንቀት ነፃ ነው፤ የራሱ ሌላ ጭንቀት እንዳለው ግን ያባዛበት ሁሉ ያውቃል።)

ሳይነኩ ለመለካት ከተገኙት መንገዶች አንዱ የአባ መርሴን መንገድ ነው። በድምፅ ማጕያ አጭር ምት ወደ ወረቀቱ ይላካል፤ ወረቀቱ እንደ ክር ይነዝራል፤ ጥቂት ራቅ ብሎ የተተከለ ማይክሮፎን ወይም የብርሃን ጨረር ማዕበሉ ሲደርስ ያውቃል። የማዕበሉ ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ እንደገና በወረቀቱ የካሬ ሜትር ክብደት ሲባዛ ውጥረቱ ይገኛል። በካሬ ሜትር 45 ግራም የሚመዝን ወረቀት በአንድ ሜትር ስፋት በ200 ኒውተን ቢወጠር፣ ማዕበሉ በሴኮንድ 67 ሜትር ያህል መጓዝ ይገባዋል። ወረቀቱ ራሱ ስለሚሮጥ ወደ ፊት የሚሄደው ማዕበል ይፈጥናል፤ ወደ ኋላ የሚመለሰው ይዘገያል፤ በታንኳ ወንዝ ቍልቍልና ሽቅብ የቀዘፈ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሁለቱን ለክቶ አማካዩን መውሰድ ነው።

የሚያስቸግረው አየሩ ነው። ቀጭን ክር አየሩን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሰፊ ወረቀት ግን በሁለቱም ገጹ ያለውን አየር ይዞ ይወዛወዛል። ማዕበሉ የግማሽ ሜትር ርዝመት ቢኖረው አብሮ የሚንቀሳቀሰው አየር ከወረቀቱ ከራሱ አራት እጥፍ ያህል ይከብዳል! ያ 67 ሜትር ወደ 30 ገደማ ይወርዳል፤ አየሩን ረስቶ ያሰላ መሐንዲስም ከእውነተኛው ውጥረት አምስተኛውን ብቻ ያገኛል።

አባ መርሴን በ1644 ወደ ኢጣሊያ ሄደው ስለ ቶሪቼሊ የሜርኩሪ ቱቦ ተረዱና ወሬውን ወደ ፈረንሳይ አመጡ። በ1648 ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ 60 ዓመት ሊሞላቸው ሰባት ቀን ሲቀራቸው፣ በሳንባ ሕመም ሞቱ። የሕመሙ ምክንያት እንዲታወቅ ሬሳቸው ተከፍቶ እንዲመረመር ተናዘው ነበር። ከ18 ቀን በኋላ የፓስካል የእኅቱ ባል ፔሪዬ ያንኑ ቱቦ ይዞ ፒዩይ ደ ዶም በተባለው ተራራ ላይ ወጣ፤ ከተራራው ጫፍ ሲደርስ ሜርኩሪው ዝቅ ብሎ ተገኘ። በፕላስ ሮያል አጠገብ ባለው ገዳም ግን ይህን ወሬ ለየአገሩ ሊቃውንት የሚጽፍ ሰው አልነበረም።