የእንስሳት ሐኪሙ ደንሎፕ፦ ብስክሌትን ከኮረኮንች መንገድ ያስታረቁት ሰው

በሥራ ቀናት በአስፋልት፣ በዕረፍት ቀን ደግሞ በኮረኮንች መንገድ የሚጓዝ ሰው አንድ ብስክሌት ለሁለቱም እንዲበቃው ይፈልጋል። ለዚህ ተብሎ የሚሠራውና «ሃይብሪድ» የሚባለው ብስክሌት ሲመረጥ፣ ከማርሹና ከፍሬኑ ባልተናነሰ የሚታሰብበት ጎማው ነው፤ ስፋቱ፣ ጥርሱና በውስጡ የሚይዘው አየር። ይህ ምርጫ ሊኖር የቻለው ከ130 ዓመታት በፊት በቤልፋስት ከተማ የሚኖሩ አንድ የእንስሳት ሐኪም ለልጃቸው ብለው በጀመሩት ሥራ ነው።

ጆን ቦይድ ደንሎፕ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1840 በስኮትላንድ፣ ኤርሺር ውስጥ በምትገኘው ድሬግሆርን መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በኤዲንብራ የእንስሳት ሕክምና ተምረው ገና በ19 ዓመታቸው ለሙያው በቁ። በትውልድ አገራቸው አሥር ዓመት ገደማ ካገለገሉ በኋላ በ1867 ወደ አየርላንድ ተሻገሩ። በቤልፋስት ሜይ ጎዳና ላይ የከፈቱት ክሊኒክም በ1880ዎቹ አጋማሽ በአየርላንድ ከነበሩት ትልልቅ የእንስሳት ሕክምና ቤቶች አንዱ ለመሆን በቃ። በሙያቸው የተከበሩና ኑሯቸው የተደላደለ ሰው ነበሩ። ስለ ብስክሌት ግን ያን ጊዜ ስማቸውን የሚያነሳ አልነበረም።

ልጁና የድንጋዩ መንገድ

በዚያ ዘመን የብስክሌት ጎማ ድፍን ነበር። በብረት ቸርኬ ዙሪያ የተጠመጠመው ወፍራም ጎማ በውስጡ ምንም አየር አልነበረውም። ጠንካራ ጎማ ፈጣን ነው፣ ለስላሳ ጎማ ደግሞ ጉልበት ይበላል የሚለው እምነትም በሠሪውም በጋላቢውም ዘንድ የጸና ነበር።

የደንሎፕ ልጅ ጆኒ ባለሦስት እግር ብስክሌት ነበረው። የቤልፋስት ጎዳናዎች ዛሬ ኮብልስቶን በምንለው ዓይነት ጥርብ ድንጋይ የተነጠፉ፣ የትራም ሐዲድም የሚያቋርጣቸው ስለነበሩ ልጁ በሄደ ቁጥር ይንገጫገጭ ነበር። በ1887 መጸው አባቱ መፍትሔ መፈለግ ጀመሩ። ከቀጭን የጎማ ሉህ ቱቦ ሠርተው በክብ እንጨት ዙሪያ አሰሩት። በላዩ ላይ ጨርቅ ሸፍነው በልጃቸው የኳስ መንፊያ አየር ሞሉት።

ከዚያም በግቢያቸው ውስጥ ቀላል ሙከራ አደረጉ። በመጀመሪያ ድፍን ጎማ ያለውን የብስክሌቱን እግር አንከባለሉት፤ የግቢው ዳር ሳይደርስ ወደቀ። ቀጥለው በአየር የተሞላውን ለቀቁት፤ ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። ለምቾት ብለው የጀመሩት ነገር ፍጥነትንም እንደሚጨምር ደንሎፕ ያኔ አስተዋሉ።

ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም። ድፍን ጎማ ጠጠር ሲያጋጥመው ብስክሌቱንና ጋላቢውን አንድ ላይ ከፍ ማድረግ አለበት፤ ለመሄድ ሊውል የሚገባው ጉልበት በዚህ መነሣትና መውደቅ ይባክናል። በአየር የተሞላ ጎማ ግን ጠጠሩን ወደ ውስጥ ዋጥ አድርጎ ያልፋል፤ ጋላቢው እምብዛም ከፍና ዝቅ ሳይል ወደፊት ይሄዳል። መንገዱ እየከፋ በሄደ ቁጥር ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

የቤልፋስቱ ውድድር

በ1888 መጀመሪያ በአየር የተሞሉት ጎማዎች በጆኒ ብስክሌት ላይ ተገጥመው ተሞከሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደንሎፕ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኙ። ሕዝብ ያመነው ግን በውድድር ሜዳ ነው። ዊሊ ሂዩም የተባለ የቤልፋስት ብስክሌተኛ ሜይ 18 ቀን 1889 በኩዊንስ ኮሌጅ በተደረገ ውድድር አዲሱን ጎማ ገጥሞ ቀረበ። ያበጠ የመሰለው ወፍራም ጎማ መሳለቂያ ቢሆንም ሂዩም የገባባቸውን አራቱንም ውድድሮች አሸነፈ።

ከተሸነፉት መካከል የደብሊኑ ነጋዴ የሃርቪ ዱ ክሮስ ልጆች ይገኙበት ነበር። ዱ ክሮስ የአየርላንድ ብስክሌተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ስለነበሩ ያዩትን ነገር ትርጉም ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም። በ1889 በደብሊን ጎማውን ለገበያ የሚያቀርብ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ደንሎፕም አብረዋቸው ገቡ።

የተረሳው ቀዳሚ

ደስታው ብዙ አልቆየም። በ1890 የደንሎፕ የባለቤትነት መብት ሊጸና እንደማይችል ተነገራቸው። ሌላው የስኮትላንድ ተወላጅ ሮበርት ዊሊያም ቶምሰን በአየር የሚሞላ ጎማን ገና በ1845 አስመዝግበው ኖሯል። ቶምሰን ሐሳቡን ለፈረስ ሠረገላ አውለውት ነበር። ነገር ግን ብስክሌት ገና ባልተስፋፋበት፣ ጎማም ውድ በነበረበት ዘመን ፈላጊ አጥቶ ተረሳ። እርሳቸውም በ1873 ሞቱ።

ደንሎፕ ከሌላ ሰው አልቀዱም፤ የመጀመሪያው ግን አልነበሩም። ኩባንያው ከውድቀት የዳነው በሌሎች ሰዎች ፈጠራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጎማዎች በቸርኬው ላይ ስለሚለጠፉ አንዴ ከተበሱ መጠገናቸው አድካሚ ነበር። ቻርልስ ዌልችና ዊሊያም ባርትሌት ጎማው ከቸርኬው በቀላሉ የሚወልቅበትንና የሚገባበትን ዘዴ ፈጠሩ፤ ዱ ክሮስም እነዚህን መብቶች ለኩባንያው ገዙ።

ደንሎፕ በ1895 ከኩባንያው ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው በሦስት ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ፤ ገዥውም ወዲያው በአምስት ሚሊዮን ፓውንድ ለአክሲዮን ገበያ አቀረበው። ስማቸውን የተሸከመው ንግድ ሌሎችን ሲያበለጽግ ደንሎፕ ከዚያ ሀብት የደረሳቸው ጥቂት ነበር።

የጎማ ዋጋ

የአየር ጎማ መስፋፋት መዘዙ አፍሪካ ድረስ ደረሰ። በ1890ዎቹ የብስክሌት ፍላጎት ሲንር የጎማ ጥሬ ዕቃ ዋጋም አብሮ ናረ። በቤልጂጉ ንጉሥ ዳግማዊ ሊዮፖልድ የግል ይዞታ ሥር በነበረችው ኮንጎ ሕዝቡ ከጫካ የጎማ ፈሳሽ እንዲለቅም በኃይል ተገደደ። የታዘዘውን ያህል ያላመጣ ተገረፈ፣ ተገደለ፤ የብዙዎችም እጅ ተቆረጠ። የዓለም ተቃውሞ በርትቶ ግዛቱ በ1908 ከንጉሡ እጅ ወጣ። በዚህ ግፍ ደንሎፕ እጃቸው ባይኖርበትም፣ የአውሮፓን መንገድ ያለሰለሰው ጎማ ግን ከዚህ ታሪክ ተነጥሎ አይነገርም።

ደንሎፕ የቀረውን ዘመናቸውን በደብሊን በጸጥታ ኖረው ኦክቶበር 23 ቀን 1921 በ81 ዓመታቸው አረፉ። ስለ አየር ጎማ ታሪክ የጻፉት መጽሐፍ የታተመው ከሞቱ በኋላ ነው።

ዛሬ ጎማ ለሚመርጥ ሰው

በግቢያቸው ያደረጉት ሙከራ ግን ዛሬም ያገለግላል። የእሽቅድምድም ብስክሌት ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የተራራ ብስክሌት ጎማ ደግሞ ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። የሃይብሪዱ ጎማ በመካከላቸው፣ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይውላል። መሐሉ ለስላሳ፣ ዳርና ዳሩ ጥርስ ያለው ጎማ በአስፋልት ሳይጎተት ይሄዳል፣ በአፈር መንገድም ይቆነጥጣል። አየሩ ከመጠን በላይ ሲሞላ ብስክሌቱ በጠጠር ላይ ይነጥራል፤ ሲያንስ ደግሞ ጎማው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተጨፍልቆ ይበሳል። ከፊት የሚገጠም አሞርዛተር ንዝረት ቢቀንስም ክብደት ይጨምራል። በመጠኑ ለሚያስቸግር መንገድ ሰፊና በልኩ የተነፋ ጎማ ብዙውን ሥራ ይሠራል።

ይህ ለምሥራቅ አፍሪካ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በባሕር ዳር፣ በአሥመራ ወይም በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ከተሞች ብስክሌት የዕለት ኑሮ መሣሪያ ነው፤ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ በዚያው ጉዞ ላይ ነው። ከመነሳቱ በፊት ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ የሚፈትሽ ብስክሌተኛ፣ ደንሎፕ በቤልፋስት ግቢያቸው የጠየቁትን ጥያቄ እየጠየቀ ነው።