ኢማም አል ገዛሊና የተዘረፈው ደብተር

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ እዝነትና ሰላም በነቢዩ በሙሐመድ ላይ ይውረድ።

አንባቢ ወንድሜ ሆይ፤ የሱቅህን ሒሳብ በየማታው ትመረምራለህ፤ ያተረፍኸውንና የከሰርኸውን ለይተህ ታውቃለህ። ልጅህስ ዛሬ ከተማረው ምን እንደ ቀረለትና ምን እንደ ጠፋበት ራሱን ይጠይቃልን? ይህን ነገር ከኢማም አቡ ሐሚድ አል ገዛሊ ሕይወት ተማር፤ አላህ ይዘንላቸው።

ኢማሙ በ450 ዓመተ ሂጅራ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1058፥ በኹራሳን ምድር በጡስ ተወለዱ። አባታቸው ሱፍ እየፈተለ የሚሸጥ ድኻ ሰው እንደ ነበረ ይነገራል። ሞት በቀረበው ጊዜ፥ ለራሱ ያመለጠውን ትምህርት ልጆቹ እንዲያገኙ ሽቶ፥ አቡ ሐሚድንና ወንድማቸውን አሕመድን ካለችው ጥቂት ገንዘብ ጋራ ለአንድ ሱፊይ ወዳጁ ዐደራ ሰጠ። ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ዐደራ ተቀባዩ የሚያበላቸው ስላልነበረው፥ ለተማሪ ቀለብ ወደሚሰጥበት መድረሳ እንዲገቡ መከራቸው። ሁለቱ የቲሞች ትምህርታቸውን በዚህ ሁኔታ ቀጠሉ።

አቡ ሐሚድ በጡስ ፊቅህን ከተማሩ በኋላ ወደ ጁርጃን ተሻግረው፥ ከመምህራቸው የሰሙትን በደብተር ጻፉ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን ሽፍቶች በመንገድ አግኝተው ያላቸውን ሁሉ ገፈፏቸው። ወጣቱ ለነፍሳቸው ሳይሳሱ ተከትለው ሄዱ፤ ዕውቀታቸው በውስጡ ነውና፥ ለሌላ ሰው የማይጠቅመውን ደብተር ብቻ እንዲመልስላቸው የሽፍቶቹን አለቃ ለመኑት። አለቃው ሣቀ። ደብተሩ ሲወሰድበት ባዶውን የሚቀር ሰው ዐዋቂ ነኝ ለማለት እንዴት እንደሚችል ጠይቆ ደብተሩን አስመለሰላቸው።

አስተውል፤ ደብተሩ ተመልሷል፤ ጉዳዩ በዚሁ ባለቀ ነበር። ኢማሙ ግን ያን ነገር ከአላህ እንደ መጣ ተግሣጽ ቈጠሩት። ጡስ ደርሰው ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፉትን ሁሉ በልባቸው አጠኑ፤ ከዚያ ወዲያ ሽፍታ ቢገፍፋቸውም እንኳ ዕውቀታቸውን የሚወስድባቸው አልነበረም። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው መምህር የለም፤ ጕድለታቸውን ራሳቸው መዝነው ራሳቸው ሞሉት።

ከዚያም በኒሻቡር ከኢማም አል ጁወይኒ ዘንድ ተማሩ፤ በ484 (1091) በባግዳድ በኒዛሚያ መድረሳ መምህር ኾነው ተሾሙ። በክብር ላይ ሳሉም ራሳቸውን መመርመር አልተዉም፤ ማስተማራቸው ለአላህ ሳይኾን ለዝና መኾኑን ባዩ ጊዜ፥ በ488 (1095) ሹመቱን ትተው ወጡ።

ኢሕያእ ዑሉም አድ ዲን በተባለው መጽሐፋቸው ነፍስን በንግድ ሸሪክ መሰሏት። ነጋዴ ከሸሪኩ ጋራ አስቀድሞ ይዋዋላል፤ ሥራውን ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ይተሳሰባል። ሰውም ጧት ከነፍሱ ጋራ ይዋዋል ዘንድ፥ ቀን ይጠብቃት ዘንድ፥ ማታ ይተሳሰባት ዘንድ አስተማሩ። በዚያው መጽሐፍ፥ ልጅ ከትምህርቱ በኋላ እንዲጫወት ይፈቀድለት፤ ዘወትር በትምህርት ብቻ ማስጨነቅ ልቡን ይገድለዋል ብለው አስጠንቅቀዋል።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፤ ማታ የሒሳብ መዝገብህን ስትገልጥ ልጅህን በአጠገብህ አስቀምጠው። ደብተሩን ይክደንና ከልቡ የቀረውን ይንገርህ። የረሳውን ራሱ ለይቶ በማግሥቱ ወደ እርሱ ይመለስ፤ አንተም ስለ ረሳው አትምታው፤ ጕድለቱን መደበቅ ታስተምረዋለህና። አንድ ቀን አንተ ከአጠገቡ ትለያለህ፤ ያን ጊዜ የሚተሳሰበው ከነፍሱ ጋራ ብቻ ነው።

ኢማሙ በ505 (1111) በጡስ ዐረፉ። አላህ ለእኛም ለልጆቻችንም የሚጠቅም ዒልምን ይስጠን፤ አሚን።