አባባ ተስፋዬ፡- ለ42 ዓመታት ከሕፃናት ጋር የዘለቀ የቴሌቪዥን አቅራቢ

ሐዋሳ፡- በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት ታሪክ አንድን ዝግጅት ለረጅም ዘመን በማቅረብ ስማቸው በግንባር ቀደምትነት ከሚነሣ የጥበብ ሰዎች አንዱ ተስፋዬ ሳህሉ ናቸው። አገር የሚያውቃቸው ግን አባባ ተስፋዬ በሚለው መጠሪያቸው ነው። ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ በተረቶቻቸው ያደገው ትውልድ ዛሬም እንደ አያቱ ያስታውሳቸዋል።

ተስፋዬ ሳህሉ በ1915 ዓ.ም በባሌ ተወለዱ። ገና በአፍላ ዕድሜያቸው ሳሉ በ1928 ዓ.ም የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገሪቱን በመውረሩ ልጅነታቸው በመከራ ዘመን ውስጥ አለፈ። ከነፃነት በኋላ በአዲስ አበባ ከተማ የቴአትርን ሙያ ተቀላቀሉ።

በዚያን ወቅት ሴት ልጅ በመድረክ ላይ መታየቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር የሴት ገጸ ባሕርያትን ወክለው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ወጣቱ ተስፋዬም ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረውና ድምፃቸውን አለስልሰው በሴትነት ተውነዋል። ይህ ሥራ በኅብረተሰቡ ዘንድ ክብር የሚያስገኝ አልነበረም፤ በአዝማሪነትና በተዋናይነት ላይ የነበረው ንቀት ገና አልተወገደም ነበርና። ይሁን እንጂ ሴቶች ተዋንያን ወደ መድረኩ እስኪመጡ ድረስ ቴአትሩ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ካደረጉት ባለሙያዎች መካከል ስማቸው ይጠቀሳል። በ1948 ዓ.ም በተመረቀውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ተብሎ በሚጠራው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም አገልግለዋል።

ከ1943 ዓ.ም ጀምሮ ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የጋራ ጸጥታ ጥሪ ምላሽ በመስጠት ከ6 ሺህ በላይ ወታደሮችን በየተራ ወደ ኮሪያ ልካለች። ተስፋዬ ሳህሉም ወደዚያው ተጉዘው ከአገሩና ከወገኑ ርቆ ይዋጋ የነበረውን የቃኘው ሻለቃ ሠራዊት በጨዋታና በሙዚቃ አበረታተዋል። ድካምና ናፍቆት በተጫነው ሰው ፊት ቆሞ ማሳቅ ቀላል ሙያ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ተዋናይ፣ ድምፃዊና የምትሐት ትርዒት አሳዪ የነበሩት እኚህ ሰው በልዩ ልዩ መድረኮች ያካበቱት ችሎታ ኋላ ለቴሌቪዥን ሥራቸው ስንቅ ሆኗቸዋል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም በጥቅምት ወር ሥርጭቱን ሲጀምር ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። አባባ ተስፋዬ ከዚያው ከመጀመሪያው ዘመን አንሥቶ የልጆችን ጊዜ ማቅረብ ጀመሩ።

ቴሌቪዥን በሌላው ዓለምም ቢሆን ገና ወጣት ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 በስዊዘርላንድ ሉጋኖ ከተማ የተካሄደውን የመጀመሪያውን የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ሎሄንግሪን ፊሊፔሎ የተባለ አቅራቢ ብቻውን የመራው ሲሆን፣ ተወዳዳሪዎቹም የ7 አገሮች ድምፃውያን ነበሩ። የእንዲህ ያለ ዝግጅት አቅራቢ ተግባሩ ዘፋኞችን ማስተዋወቅ፣ ሰዓትን መጠበቅና በቀጥታ ሥርጭት መካከል የሚፈጠርን ክፍተት በቃል ብልሃት መሸፈን ነው። ልዩነቱ የአባባ ተስፋዬ ባለተራዎች ስመ ጥር ድምፃውያን ሳይሆኑ ካሜራ ሲያዩ አንደበታቸው የሚተሳሰር ሕፃናት መሆናቸው ነበር።

በዝግጅታቸው ላይ ልጆች እየቀረቡ ይዘምራሉ፣ ተረት ያወራሉ፣ እንቆቅልሽ ይጠያየቃሉ። አባባ ተስፋዬ ሕፃናቱን የዛሬ አበቦችና የነገ ፍሬዎች እያሉ ሰላምታ ያቀርቡላቸው ነበር። ልጅ በአዋቂ ፊት ዝም እንዲል በሚጠበቅበት ማኅበረሰብ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሕፃን አስቀምጠው በትዕግሥት ማዳመጣቸው በራሱ ትምህርት ነበር። የአንበሳውን፣ የጦጣውንና የጅቡን ድምፅ እየለዋወጡ የሚያወሩት ተረት መጨረሻው ምክር ሲሆን፣ ምክሩም ወላጅን ማክበር፣ እውነት መናገርና በትምህርት መትጋት ነበር።

በ1952 ዓ.ም የተቆረቆረችው ሐዋሳ ዕድሜዋ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ዕድሜ ጋር ይቀራረባል። የቴሌቪዥን ሥርጭት ከአዲስ አበባ ውጭ እየተስፋፋ ሲሄድ እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ የሐዋሳ ልጆችም የአባባ ተስፋዬ ተመልካቾች ሆነዋል። ቴሌቪዥን በየቤቱ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ልጆች መሣሪያው ወዳለበት ጎረቤት እየተሰበሰቡ ዝግጅቱን መከታተላቸው በብዙ ከተሞች የተለመደ ነበር። በየቤቱ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ስለ አንድ ዓይነት ጦጣና ጅብ አብረው የሚስቁበት ሰዓት በመሆኑ፣ ዝግጅቱ ከመዝናኛነት ያለፈ ፋይዳ ነበረው።

አባባ ተስፋዬ በዘውዱ ዘመን የጀመሩትን ሥራ በደርግ ዘመንና ከዚያም በኋላ ቀጥለዋል። ሦስት መንግሥታት ሲፈራረቁ፣ የጣቢያው ዜናና መዝሙር ሲለዋወጥ የእርሳቸው ወንበር በቦታው ቆይቷል። ተረቶቻቸውንም በመጽሐፍ አሳትመው ለንባብ አብቅተዋል። የቴሌቪዥን አገልግሎታቸው 42 ዓመታት ከዘለቀ በኋላ በ1998 ዓ.ም ሲያበቃ የ80 ዓመት አዛውንት አልፈው ነበር። ከዚያም በኋላ በሕዝቡ ዘንድ የነበራቸው ፍቅር አልቀነሰም።

በተወለዱ በ94 ዓመታቸው፣ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጽሟል። በዕለቱ ያዘኑላቸው ልጆች ብቻ አልነበሩም፤ በልጅነታቸው ያዳመጧቸው፣ በኋላም ልጆቻቸውን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠው ያስደመጡ ወላጆችም ጭምር እንጂ።

ዛሬ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በርክተዋል፤ በዓለም ዙሪያ የሚሠሩ የልጆች ፊልሞችም በእጅ ስልክ ሳይቀር ይገኛሉ። ፊልሙ ግን ልጁን ስሙን አይጠይቀውም፤ ተራውንም ሰጥቶ አያዳምጠውም። አያት በምሽት የሚያወራው ተረት ከየቤቱ እየራቀ በሄደ ቁጥር አገርኛውን ጨዋታ ለሕፃናት የማድረስ ኃላፊነት በብዙኃን መገናኛ ላይ እየከበደ ይመጣል። የአባባ ተስፋዬ የሕይወት ታሪክ የሚያስረዳው ይህ ኃላፊነት ውድ መሣሪያ ሳይሆን ልጅን የሚያከብር አንደበትና የማይሰለች ጆሮ የሚጠይቅ መሆኑን ነው።