አል-ኸዋሪዝሚ፦ ባዶውን ቦታ ያስከበሩ ሊቅ

ረመዷን ሲገባ ቤታችን ሒሳብ ይበዛበታል። ዘካችን ስንት ነው? ዘካተል-ፊጥር ለስንት ቤተሰብ? እያልን እናሰላለን። ለዚህ ሒሳብ መንገድ ከጠረጉት አንዱን፣ ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚን ዛሬ እናስታውሳቸው።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ780 ገደማ ነው። መጠሪያቸው ከአራል ባሕር በስተደቡብ ካለው ከኸዋሪዝም አገር የመጣ ነው። በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (813–833) በባግዳድ፣ በበይተል-ሒክማ ሠርተዋል። ስለ አል-ጀብር የጻፉት ኪታብ ሰፊ ክፍሉ ሚራስን ይመለከታል፤ የሟች ኑዛዜና የወራሾች ድርሻ እንዴት እንደሚከፈል ያሳያል። የሚገርመው፣ በዚያ ኪታብ ቁጥሮች የተጻፉት በቃላት ነበር።

በሌላ ኪታባቸው ግን የሕንዶችን አጻጻፍ አስተማሩ። ዘጠኝ ምልክቶችና አንዲት ትንሽ ክብ ብቻ! በግእዝ ቁጥር አሥር ፲፣ መቶ ፻ የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ስለዚህ ፫፻፭ ስንጽፍ ዜሮ አያስፈልገንም። የአረብኛው አብጀድም እንዲሁ ለአሥሮቹና ለመቶዎቹ የተለያየ ፊደል አለው። በሕንዶቹ አጻጻፍ ግን የምልክቱን ዋጋ የሚወስነው የቆመበት ቦታ ነው። በ305 መካከል ያለችው ክብ ብትረሳ 35 ይሆናል። የቲም 305 ዲናር ሊወርስ ሲገባው 270ው ቀረበት ማለት ነው።

ኮምፒውተርም ዛሬ ቁጥር የሚያነበው በዚሁ ደንብ ነው። 305 ብለን ስንጽፍለት ምልክቶቹን ከግራ አንድ በአንድ ይወስዳል። 3ን ይይዛል፤ በ10 አባዝቶ 0 ሲደምር 30 ያገኛል፤ ዳግም በ10 አባዝቶ 5 ሲደምር 305 ይደርሳል። በዜሮዋ ፋንታ ክብ ቅርጽ ያለው የላቲን ፊደል ብናስገባ ግን፣ ለዓይናችን ቢመሳሰልም ቁጥር ነው ብሎ አይቀበለውም።

አል-ኸዋሪዝሚ በ850 ገደማ አረፉ። የቁጥሩ ኪታብ የአረብኛ ቅጂ ጠፍቶ፣ ትምህርቱ የተረፈው በ12ኛው ክፍለ ዘመን በተሠሩ የላቲን ትርጉሞች ነው። ስማቸው ግን በላቲን አንደበት ተለውጦ አልጎሪዝም ሆነ፤ አል-ጀብርም አልጀብራ ተባለ።

እንግዲህ ልጆቻችን የቤት ሥራ ሲሠሩ ዜሮዋን እንዳይዘነጉ እናስተምራቸው። ባዶ የምትመስለው ቦታ የሰው ሐቅ ትጠብቃለች። አላህ ይዘንላቸው።