አልፍሬድ ቬገነር፦ ምድር እንደምትንቀሳቀስ ያስተዋለው ሰው



ብዙዎቻችን ያደግነው ግማሹን ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ግማሹን ደግሞ በመድረሳ እየተማርን ነው። ትምህርት ቤት የመሬትን ንብርብሮች ቅርፊት፣ ማንትል፣ እምብርት ብለን ሸመደድን፤ ፈተና ላይ ጻፍንና ረሳን። መድረሳ ደግሞ የመጀመሪያውን ሒጅራ ታሪክ ተማርን። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሓቦች የቁረይሾችን በደል ሸሽተው፣ በጀልባ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ። ሁለቱ ትምህርቶች ይገናኛሉ ብለን አስበን አናውቅም ነበር። ይሁንና ያ ባሕር ዛሬም እየሰፋ ነው። በደቡባዊ ክፍሉ በዓመት 1.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ይህንን ሶሓቦች ከተሻገሩ ወዲህ ባሉት 1,400 ዓመታት ብናባዛው 20 ሜትር ገደማ ይመጣል።

አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ የሚለውን ሐሳብ በማስረጃ አደራጅቶ በማቅረብ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር ነው። በዚህ እትም የእርሱን ሕይወት እንቃኛለን። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቬገነር ኖቬምበር 1 ቀን 1880 በርሊን ውስጥ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስና መምህር ነበር። በ1905 በሥነ ፈለክ የዶክትሬት ዲግሪውን ቢያገኝም ልቡ ያዘነበለው ወደ አየር ጠባይ ጥናት ነበር። በ1906 ከወንድሙ ከኩርት ጋር በባሉን 52 ሰዓት ተኩል አየር ላይ ቆይተው የጊዜውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ። በዚያው ዓመት ወደ ግሪንላንድ ከሚሄድ የዴንማርክ የጥናት ቡድን ጋር ተቀላቀለ። በዚያ ጉዞ የቡድኑ መሪና ሁለት ባልደረቦቹ በረዶ ላይ ሞቱ። እርሱ ግን ይህንን ሁሉ አይቶም ግሪንላንድን አልተወም፤ በሕይወቱ አራት ጊዜ ወደዚያ ተጉዟል።

ከጉዞው ተመልሶ ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ሳለ፣ በ1910 መጨረሻ አንድ አዲስ አትላስ ሲያገላብጥ ዓይኑ አንድ ነገር ላይ ቆመ። የደቡብ አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻና የአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ እንደ ተሰበረ እንስራ ስብርባሪ ይገጥማሉ። በመጀመሪያ ነገሩን ብዙም ቁም ነገር አላለውም ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን በሁለቱ አህጉራት ተመሳሳይ ቅሪተ አካላት እንደሚገኙ አነበበ። ለምሳሌ ሜሶሶረስ የምትባል ትንሽ የውሃ ውስጥ ተሳቢ እንስሳ ቅሪት የሚገኘው በደቡብ አሜሪካና በደቡባዊ አፍሪካ ብቻ ነው። ያንን ሰፊ ውቅያኖስ ዋኝታ ተሻገረች ማለት ደግሞ አይታመንም።

የዘመኑ ሊቃውንት ለዚህ የሰጡት መልስ በአህጉራቱ መካከል የመሬት ድልድይ ነበረ፣ በኋላ ሰመጠ የሚል ነበር። ቬገነር ይህንን አልተቀበለም። የአህጉራት አለት ከውቅያኖስ ወለል አለት ይቀልላል፤ ቀላሉ በከባዱ ላይ እንደ እንጨት በውሃ ላይ ይንሳፈፋልና እንዴት ሊሰምጥ ይችላል? ስለዚህ አህጉራቱ ቀድሞ አንድ ነበሩ፣ ኋላም ተራራቁ ብሎ ደመደመ። ሐሳቡን ጃንዋሪ 6 ቀን 1912 ፍራንክፈርት ላይ ለጂኦሎጂ ምሁራን አቀረበ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ዘምቶ ሁለት ጊዜ ቆሰለ። በ1915፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ ስለ አህጉራትና ውቅያኖሶች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። መጽሐፉ ከመቶ ገጽ አይበልጥም ነበር፤ በኋላ ግን እያሰፋው ሦስት ጊዜ አሳተመው።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተው ስለ አፋር የጻፈው ነው። ቬገነር እግሩ ኢትዮጵያን ባይረግጥም የቀይ ባሕርን ሁለት ዳርቻዎች በካርታ ላይ ለማጋጠም ሞክሮ ነበር። ሌላው ቦታ ሁሉ ሲስማማ በአፋር በኩል ያለው ሦስት ማዕዘን ይተርፋል። አንኮበርን ከማዕዘኖቹ እንደ አንዱ ጠቅሶ፣ ይህ መሬት በአዲስ ቅልጥ አለት የተሸፈነ ስለሆነ በኋላ የተጨመረ ነው፤ እርሱን ብናነሳ የዓረቢያ ጫፍ በቦታው ይገባል ብሎ አስረዳ። ዛሬ የጂኦሎጂ ምሁራን የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ፕሌቶች የሚገናኙት አፋር ላይ እንደሆነ ያስተምራሉ። በ2005 በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ ተሰንጥቆ ቅልጥ አለት ከሥር ሞላው፤ ስንጥቁ የሰፋው እስከ 8 ሜትር ድረስ ነው።

በቬገነር ዘመን ግን ብዙዎቹ ሐሳቡን ውድቅ አደረጉት። በ1926 ኒውዮርክ ላይ በዚሁ ጉዳይ በተካሄደ ጉባኤ ከተናገሩት አብዛኞቹ ተቃወሙት። የአየር ጠባይ ተመራማሪ በጂኦሎጂ ምን አገባው ያሉም ነበሩ። እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባናል። ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ምቀኞች አልነበሩም። አህጉርን የሚያህል ነገር የሚገፋው ምን ኃይል ነው ብለው ጠየቁ፤ ቬገነር ያቀረበው መልስ በስሌት ሲታይ እጅግ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ግሪንላንድ በዓመት ብዙ ሜትር ትሄዳለች ብሎ የገመተውም ስህተት ነበር፤ እውነተኛው ፍጥነት በሳንቲ ሜትር የሚለካ ነው። ምን እንደሆነ በትክክል አይቷል፤ እንዴት እንደሆነ ግን አልደረሰበትም። ያም ሆኖ ማስረጃውን አልጣለም፣ የጎደለውንም ፍለጋ አላቆመም። በ1924 በኦስትሪያ ግራትስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርነት ካገኘ በኋላም መጽሐፉን እያረመ ቀጠለ፤ የመጨረሻው እትም በ1929 ወጣ።

በ1930 ትልቅ የጥናት ቡድን መርቶ ወደ ግሪንላንድ ሄደ። ከዳርቻው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ገብቶ፣ በበረዶው መካከል በነበረው ጣቢያ ሁለት ባልደረቦቹ ክረምቱን ሊያሳልፉ ነበር፤ ስንቃቸው ግን በቂ አልነበረም። ቬገነር በውሻ በሚጎተት ጋሪ ሊያደርስላቸው ተነሳ። ብርዱ ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ አለፈ። አብረውት ከተነሱት የአገሬው ሰዎች ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ተመለሱ። ኦክቶበር 30 ላይ ቬገነር፣ ባልደረባው ፍሪትስ ሎቨና ወጣቱ ግሪንላንዳዊ ራስሙስ ቪሉምሰን ጣቢያው ደረሱ፤ የሎቨ የእግር ጣቶች በብርድ ሞተው ስለነበር እዚያው ተቆረጡ። ስንቁ ለአምስት ሰው ስለማይበቃ ቬገነርና ቪሉምሰን ኖቬምበር 1፣ ቬገነር 50 ዓመት በሞላው ቀን፣ የመልሱን መንገድ ጀመሩ። ዳርቻው አልደረሱም። የቬገነር አስከሬን በሜይ 1931 በበረዶ ውስጥ በጥንቃቄ ተቀብሮ ተገኘ። የቀበረው ቪሉምሰን ነበር፤ እርሱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

መልሱ የመጣው ከሞተ ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ነው። በ1960ዎቹ የውቅያኖስ ወለል ሲጠና፣ ከባሕር በታች ባሉ ረጃጅም የተራራ ሰንሰለቶች ላይ ቅልጥ አለት እየወጣና እየቀዘቀዘ አዲስ ወለል እንደሚሠራ ታወቀ። ቅርፊቱ ከማንትሉ ጠንካራ የላይኛ ክፍል ጋር ተጣብቆ በትላልቅ ፕሌቶች የተከፈለ ነው። እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሚወርደው ማንትል ጠጣር ቢሆንም ከሙቀቱ የተነሳ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ በዝግታ ይፈስሳል፤ ፕሌቶቹም ከዚህ እንቅስቃሴ ጋር ይጓዛሉ። ቬገነር ያጣው መልስ ይህ ነበር።

አሁን ወደ ጌዴኦ እንመለስ። ዲላ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። በስተምዕራብ መሬቱ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል፤ በስተምሥራቅ ወደ ቡሌ ከፍታ ይወጣል። በሁለቱ ወገን ያለው መሬት በዓመት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ እየተራራቀ ነው። ቡናውንና እንሰቱን የሚያበቅለው ቀይ አፈር ከእሳት ወለድ አለት መበስበስ የተገኘ ነው። የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች የጠረቡ የጥንት ሰዎችም የሠሩበት ድንጋይ የዚሁ ታሪክ ውጤት ነው። ለሽምደዳ የያዝነው ትምህርት እግራችን ሥር ነበር።

በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንንም ከቤታቸው አፈናቅሏል። ያን ሰሞን ዱዓ አድርገናል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ነገ ሕንፃና ድልድይ የምንሠራው እኛ ነን። ምድር እንደምትንቀሳቀስ እያወቁ ብረትና ሲሚንቶ መቀነስ የአማና ክህደት ነው። ግመልን አስሮ በአላህ መመካትን የተማርን ሰዎች የሕንፃ ኮዱን ለፈተና ብቻ ልናነብበው አይገባም።

ቬገነር የእኛ ሃይማኖት ተከታይ አልነበረም። እውነትን ለመፈለግ የከፈለውን ዋጋ ግን ማንም ሙእሚን ሊያከብረው ይችላል። ያየውን በድፍረት ተናገረ፣ የተሳሳተውን ለማረም ደከመ፣ ለባልደረቦቹ ስንቅ ሊያደርስ ወጥቶም ሞተ። ቁርኣን በምድር ላይ ሂዱ፣ ተመልከቱ እያለ ደጋግሞ የሚያዘን እኛስ ከግቢያችን ጀርባ ያለውን ገደል ቀርበን አይተነዋል?

አላህ የሚጠቅመንን ዕውቀት ይስጠን፤ ባወቅነውም የምንሠራ ያድርገን። ኣሚን።