አባትየው ሂዩዝ እና ድንጋይ የሚያኝከው ቢት

ቤታችን በር ስር አንድ ከባድ ብረት አለ። ንፋስ በሩን እንዳይዘጋው አጎቴ ነው ያስቀመጠው። አጎቴ የውኃ ጉድጓድ በሚቆፍር ማሽን ላይ ለብዙ ዓመት በረዳትነት ሠርቷል፤ ብረቱም ዘመኑን ጨርሶ የተጣለ የመቆፈሪያ ቢት ነው። እርስ በርስ ፊት ለፊት የተገጠሙ ሦስት ጥርሳም ሾጣጣዎች አሉት። ልጅ ሳለሁ የአውሬ አፍ ይመስለኝ ነበር። መምህራችን በሕይወት ስለሌለ ታዋቂ ሰው ጻፉ ሲሉን የክፍሌ ልጆች ንጉሥና ሯጭ ሲሻሙ፣ እኔ የዚህን ብረት ባለቤት ፍለጋ ገባሁ። ሳቁብኝ። ምን ይደረግ፣ ሰውየው ከብዙ ንጉሥ ይልቅ ሳበኝ።

ሃዋርድ ሂዩዝ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ልጅየው ነው፤ አውሮፕላን አብራሪው፣ ፊልም ሠሪው፣ በ2004 በወጣው ፊልም ላይ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ሆኖት የተጫወተው ቱጃር። የኔ ሰው ግን ያንኑ ስም የያዘው አባቱ ነው። ልጅየው በፊልምና በአውሮፕላን የበተነው ገንዘብ መነሻው አባትየው ለድንጋይ ያወጣው ጥርስ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባትየው በ1869 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ተወለደ፤ ያደገው ግን አዮዋ ውስጥ ኪዮከክ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ የሕግ ሰው ነበሩ። ወንድሙ ሩፐርት ኋላ ታዋቂ ደራሲ ሆኗል። የኛ ሰው ሃርቫርድ ገባ፣ ሳይመረቅ ወጣ። ሕግ ማጥናት ጀመረ፣ እሱንም ሳይጨርስ የጥብቅና ፈቃድ አገኘና ከአባቱ ጋር ለጥቂት ጊዜ ሠራ። ሰለቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው፦ ኮሎራዶ ብር ፍለጋ፣ ጆፕሊን እርሳስ ፍለጋ። አንዱም አላበለጸገውም። በጥር 1901 ቴክሳስ ቦሞንት አጠገብ ስፒንድልቶፕ በተባለው ጉብታ ላይ ነዳጅ ወደ ሰማይ ሲፈነዳ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ እሱም ወደዚያው ሮጠ። ዋልተር ሻርፕ ከተባለ ልምድ ያለው ቆፋሪ ጋር ተሻረከ። በ1904 አሊን ጋኖን አገባ፣ ለጫጉላ አውሮፓ ሄደው ኪሱን ባዶ አድርጎ ተመለሰ። ልጁ በዓመቱ ተወለደ። ያኔ ሂዩዝ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ስሙን የሚያስጠራ አንድም ነገር አልሠራም ማለት ይቻላል።

አሁን ስለ ድንጋዩ ላውራ፤ ያለ ድንጋዩ ሰውየው አይገባንም። በዚያን ጊዜ የሚሽከረከሩት መቆፈሪያዎች ጫፋቸው ላይ የዓሣ ጅራት የሚባል ምላጭ ነበራቸው። ምላጩ ሸክላና አሸዋ እየፋቀ ይወርዳል፤ የቴክሳስ ዳርቻ ደግሞ በአብዛኛው ይሄው ነው። ጠንካራ ድንጋይ ሲያገኝ ግን ይዶለዱማል። ይወጣል፣ ይሳላል፣ ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ይዶለዱማል። በ1907 ሂዩዝና ሻርፕ ፒርስ ጃንክሽንና ጉስ ክሪክ በተባሉ ሁለት ቦታዎች ላይ የገጠማቸው ይኸው ነው። ነዳጁ ከሥር እንዳለ ያምናሉ፤ ድንጋዩ አላሳልፍ አላቸው። ጥለው ሄዱ።

ሂዩዝ ግን ነገሩ ከአእምሮው አልወጣም። መፋቅ ካልሆነ መፍጨት ይቻላል የሚል ሐሳብ መጣ። በብረት አካሉ ጫፍ ላይ ሁለት ጥርሳም ሾጣጣዎች ይገጠማሉ፤ ቧንቧው ሲዞር እነሱም በየራሳቸው ዘንግ ይሽከረከራሉ፣ ክብደቱ ሲጫናቸው ጥርሶቹ ድንጋዩን እየሰባበሩ ያደቁታል። እኔ ሥዕሉን ሳየው ያስታወሰኝ የእጅ ቡና መፍጫችንን ነው። በጠቅላላው 166 ስለታም ጠርዞች ነበሩት። በኅዳር 1908 ማመልከቻ አስገባ፣ ነሐሴ 10 ቀን 1909 ሁለት የፈጠራ ባለቤትነት መብቶች በስሙ ተሰጡት። ከዚያ በፊት ሰኔ 1 ቀን 1909 አሸንፎት ወደነበረው ወደ ጉስ ክሪክ ተመልሶ ሞከረው። በ11 ሰዓት ውስጥ 14 ጫማ፣ ማለትም ከአራት ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ጠንካራ ድንጋይ አለፈ። ለኛ ትንሽ ይመስላል። ከዚያ በፊት በዚያ ድንጋይ ላይ ጨርሶ ማለፍ አልተቻለም ነበር።

እዚህ ላይ ነው እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ የተደናቀፍኩት። በመጀመሪያው ረቂቄ የፈጠረው ሂዩዝ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። የቤተሰቡ ወግ ሂዩዝ ወላጆቹ ቤት ገብቶ ለሁለት ሳምንት ያህል ሲስል ከርሞ ንድፉን ይዞ ብቅ እንዳለ ይናገራል። ሌላ ወግ ግን አለ። ግራንቪል ሂዩማሰን የሚባል ሰው በ1908 ሉዊዚያና ሽሪቭፖርት ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ከሂዩዝ ጋር ተገናኝቶ የሚሽከረከር ቢት ሐሳቡን በ150 ዶላር እንደሸጠለት ተናግሯል። ቃሉ ተቀድቶ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። አንድ ሰው መንግሥት የሰጠው ወረቀት አለው፣ ሌላው ያለው ትዝታ ብቻ ነው። ለወረቀቱ ማድላት ቀላል ነው። ግን ወረቀቱ የሚናገረው ማን ቀድሞ እንዳመለከተ እንጂ ማን ቀድሞ እንዳሰበ አይደለም። በበኩሌ ሂዩማሰንን አምነዋለሁ። ደግሞም ሐሳቡን ገዝቶ ድንጋይ የሚያልፍ ብረት ማድረግ ራሱን የቻለ ሥራ ነውና የሂዩዝን ድርሻ አልክድም። ስለዚህ ፈጠረው የሚለውን ሰርዤ በስሙ አስመዘገበው አልኩ።

የነጋዴነቱ ነገር ግን አያከራክርም። ቢቱን አልሸጠም፣ አከራየው። ቆፋሪው ሲጨርስ ይመልሳል፤ ሌላው ሰው ፈታቶ እንዳይገለብጠውም ያው መንገድ ጠቀመው። በ1909 ከሻርፕ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፣ ሻርፕ በ1912 ሞተ፣ በ1915 ኩባንያው ሂዩዝ ቱል ተባለ። ባለቤቱ አሊን በ1922 አረፈች። እሱም ጥር 14 ቀን 1924 ሂዩስተን ውስጥ የሥራ ስብሰባ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለች። 54 ዓመቱ ነበር። ልጁ 18። እኛ በር ላይ ያለውን ባለሦስት ሾጣጣ ቢት አባትየው አላየውም፤ የኩባንያው መሐንዲሶች ያወጡት በ1933 ነው።

የሰውየው ሥራ ከሞቱ በኋላ ትልቅ ተቀናቃኝ የመጣበት ከአልማዝ ነው። በ1970ዎቹ ሰው ሠራሽ አልማዝ በጠንካራ ብረት ላይ በስሱ የተለበጠበት ጥርስ ወጣ። ይሄኛው ቢት የሚሽከረከር ሾጣጣ የለውም፤ ድንጋዩን አያደቅም፣ እንደ አናጢ መላጊያ ይልጠዋል። ልብ በሉ፣ ነገሩ ወደ ዓሣ ጅራቱ ተመለሰ ማለት ነው! በደለል ድንጋይ፣ በጨው፣ በኖራ ድንጋይ ላይ የሂዩዝን ሾጣጣ በፍጥነት ጥሎት ይሄዳል። ዛሬ ነዳጅ ፍለጋ ከሚቆፈረው ርዝመት አብዛኛውን የሚቆፍረው እሱ ነው።

ታዲያ አልማዝ ከሁሉም ይጠጥራል፣ ለምን ሁሉንም ድንጋይ አይቆፍርም? እኔም ይሄንኑ ነበር የጠየቅሁት። ጠጣር መሆንና አለመሰበር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለስላሳና ጠንካራ ድንጋይ እየተፈራረቁ ሲመጡ፣ ወይም ባልጩት ድንገት ሲገጥመው፣ የአልማዙ ጠርዝ እንደ ብርጭቆ ይሸረፋል። ሞራጅ በሆነ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ደግሞ ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ አልማዞቹን ያያያዘው ኮባልት ከአልማዙ በላይ ይለጠጥና ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። እንዲህ ባለ የተሰባበረና ጠንካራ ድንጋይ ላይ የሂዩዝ ሾጣጣ ለብዙ ጊዜ ቦታውን አልለቀቀም። ቢሆንም የአልማዙ ጥርስ እየተሻሻለ ነው፤ በአሜሪካ ዩታ የእንፋሎት ኃይል ለመፈተሽ በ2020 እና 2021 በተቆፈረ ጉድጓድ ግራናይትን ሳይቀር በሚያስገርም ፍጥነት አልፎታል።

የድንጋይ ናሙና የሚያወጣው የአልማዝ ቢት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ደቃቅ አልማዞች በብረት ውስጥ ተለውሰዋል። ድንጋዩ በጠነከረ ቁጥር ብረቱ መለስለስ አለበት! ምክንያቱም ያረጁት አልማዞች እንዲወድቁና አዲሶቹ ብቅ እንዲሉ ብረቱ ማለቅ አለበት። ጠንካራ ብረት በግራናይት ላይ ቢደረግ አልማዞቹ ይለሰልሱና ቢቱ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ሞራጅ ድንጋይ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ብረቱ ካልጠነከረ ቶሎ ያልቃል።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ አነበብኩለት። እሱ የሚያውቀው የሀገራችንን ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እዚያ ላይ ሲደርሱ ባለሦስት ሾጣጣውን አውጥተው በአየር ግፊት የሚቀጠቅጥ መዶሻ ያስገቡ እንደነበር ነገረኝ። ስለ ለስላሳው ብረት ያወራሁትን እምብዛም አላመነኝም። ሂዩማሰን ከ150ው ዶላር ሃምሳውን እዚያው ምሽት ሰው ሲጋብዝበት እንዳመሸ ራሱ መናገሩን ስነግረው ግን ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ብረቱን በእግሩ ወደ በሩ ጠጋ አድርጎ፣ ቀሪው መቶ ዶላር የት እንደገባ ጠየቀኝ።